ከለቀማው በፊት የማሳው መረጃ ይያዝ

በለቀማ ወቅት በአንድ የእሸት ቡና መቀበያ ጣቢያ የሚታየው ሥራ የታወቀ ነው። የብዙ አርሶ አደሮች እሸት በአንድ ቀን ይመዘናል፤ በአንድ መፈልፈያ ያልፋል፤ በአንድ አልጋ ላይ ይደርቃል። ጆንያ ውስጥ ከገባ በኋላ የየትኛው ማሳ ቡና እንደሆነ የሚለይ የለም። የአውሮፓ ገዢ ግን ከጣዕሙና ከደረጃው ሌላ “የበቀለው የት ነው?” ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ዓ.ም. ያወጣው ሕግ ቡናን ጨምሮ ሰባት የምርት ዓይነቶችን ይመለከታል። ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ደን ተመንጥሮ በተተከለ ማሳ ላይ የተገኘ ቡና ወደ ኅብረቱ ገበያ አይገባም። ምንጣሮው በአገር ውስጥ ሕግ የተፈቀደ ቢሆን እንኳ ክልከላው አይቀርም። ሕጉ ሁለት ጊዜ ተራዝሟል። በ2018 ዓ.ም. በተደረገው ማራዘሚያ መሠረት ለትልልቅና መካከለኛ ድርጅቶች ከታኅሣሥ 21 ቀን 2019 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ለአነስተኞቹ ደግሞ ከሰኔ 23 ቀን 2019 ዓ.ም. ጀምሮ ተፈጻሚ ይሆናል። በመሆኑም የ2019 ዓ.ም. ምርት አብዛኛው የሚጫነው ከዚህ ቀን በኋላ ነው።

ተጠያቂው አስመጪው ቢሆንም ማስረጃው የሚመጣው ከማሳው ነው። ከአራት ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ የጂፒኤስ ነጥብ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ለሆነው የማሳው ዙሪያ ወሰን መለካት አለበት። አብዛኛው የአገራችን ቡና አምራች አነስተኛ ማሳ ያለው በመሆኑ ሥራው ከባድ አይደለም። ሆኖም ነጥቡ ማሳው ውስጥ ተቆሞ እንጂ ከመኖሪያ ቤት ወይም ከቀበሌ ጽሕፈት ቤት መወሰድ የለበትም። ቁጥሩም ከነጥብ በኋላ ስድስት አሃዝ ይኑረው።

ትልቁ አደጋ ድብልቁ ነው። ምንጩ ያልታወቀ ወይም ከተመነጠረ ደን የተገኘ ጥቂት እሸት ከሌላው ጋር ከተቀላቀለና መለየት ካልተቻለ ጭነቱ በሙሉ ገበያውን ያጣል። የአንድ ሰው ስህተት ደኑን ጠብቆ የኖረውን ጎረቤት ዋጋ ያስከፍላል። ስለዚህ መሠረታዊ ማኅበራትና አቅራቢዎች የእያንዳንዱን አርሶ አደር ስም፣ የማሳ ቁጥርና ያስረከበውን ኪሎ በየቀኑ መመዝገብ፣ ያልተመዘገበውንም ለብቻ ማድረቅ ይጠበቅባቸዋል።

በጥላ ዛፍ ሥር የሚለማ ነባር ቡና ግን ሊያሰጋ አይገባም። ሕጉ የሚከለክለው ደኑን ወደ እርሻ መለወጥ እንጂ ቀድሞ የነበረን ቡና ማልማት አይደለም። በሥጋት ጥላ ዛፍ መቁረጥ ራስን መጉዳት ነው።

ወረዳዎች ከዜሮ አይጀምሩም። ሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ በተሰጠበት ቀበሌ የማሳው ወሰን አስቀድሞ ተለክቷል። የግብርናና የመሬት ጽሕፈት ቤቶች መዝገባቸውን ቢያገናኙ አንድ ማሳ ሁለት ጊዜ አይለካም።

መረጃው በማን እጅ ይቀመጥ የሚለውም ሊታሰብበት ይገባል። አንድ ነጋዴ ለክቶ ብቻውን ከያዘው አርሶ አደሩ ለዚያው ነጋዴ ብቻ ለመሸጥ ይገደዳል። ቅጂው በአርሶ አደሩና በማኅበሩ እጅ ከሆነ ግን ዋጋ የመደራደር አቅሙ አይነካም። ይህ ሁሉ ክረምቱ ሳይወጣ፣ እሸቱ ሳይቀላ መጠናቀቅ አለበት። ቡናው አንዴ ከተቀላቀለ በኋላ የሚለየው የለም።