የገበያ ውድድር ሕግና የደሎ መና ቡና አምራች

ነጻ ገበያ ሲባል መንግሥት እጁን ከንግድ ማውጣቱ ብቻ ተደርጎ ይታሰባል። ይሁን እንጂ መንግሥት የለቀቀውን ስፍራ ጥቂት ነጋዴዎች ተስማምተው ከያዙት፣ አምራቹ ገዥ ለወጠ እንጂ ነጻ አልወጣም። የውድድር ሕግ ያስፈለገውም ስለዚህ ነው።

ይህን በባሌ፣ በደሎ መና ወረዳ ከሚለቀመው የሐረና ደን ቡና አንጻር እንመልከተው። በደርግ ዘመን የአገሪቱን ቡና በአብዛኛው የሚገዛው የመንግሥት ድርጅት ነበር። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ንግዱ ለግል ነጋዴዎች ተከፈተ፤ በ2001 ዓ.ም. ቡና በኢትዮጵያ ምርት ገበያ መሸጥ ሲጀምርም ዋጋው በግልጽ የሚታወቅበት ሥርዓት ተዘረጋ። ነገር ግን በዚያ መድረክ የሚገናኙት አቅራቢና ላኪ ናቸው። ጀንፈሉን ያደረቀው ገበሬ የሚሸጠው በአቅራቢያው ላገኘው ሰብሳቢ ነው። ወደ ጎባ የሚወስደው መንገድ የሐረናን ደንና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የሳነቴን አምባ ስለሚያቋርጥ፣ ጥቂት ፈረሱላ ይዞ ሌላ ገዥ ፍለጋ መሄድ አያዋጣም። በክረምት ከሰብሳቢው ተበድሮ ከሆነ ደግሞ፣ የመደራደር አቅሙ ቡናው ሳይቀላ ያልቃል።

አገራችን የመጀመሪያውን የንግድ አሠራር አዋጅ በ1995 ዓ.ም. አወጣች። ኋላም የወጣው አዋጅ ቁጥር 813/2006 ተፎካካሪ ነጋዴዎች የመግዣ ወይም የመሸጫ ዋጋን ተመካክረው እንዳይወስኑ፣ ገበያንም እንዳይከፋፈሉ ይከለክላል። ይሁንና ዋጋ ስለ ወረደ ብቻ ሕግ ተጣሰ አይባልም፤ የዓለም ገበያ ሲወርድ የመንደሩም ዋጋ ይወርዳልና። ጥፋቱ ስምምነቱ ነው። ስምምነት ደግሞ በምስክርና በማስረጃ እንጂ በቅሬታ ብቻ አይረጋገጥም። ስለዚህ አምራቹ የሸጠበትን ቀን፣ ክብደትና ዋጋ መዝግቦ መያዝ ይገባዋል።

ሕጉ ብቻውን ግን ሁለተኛ ገዥ አያመጣም። ይህን ሊያደርግ የሚችለው በአግባቡ የሚመራ የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው፤ የአባላቱን ቡና አሰባስቦ ለዩኒየን ሲያቀርብ ሰብሳቢውም ዋጋውን ለማሻሻል ይገደዳል። የቁጠባና ብድር ማኅበርም ገበሬውን ከክረምት ዕዳ ይታደገዋል።

ቅዱሳት መጻሕፍት ሐሰተኛ ሚዛንን ያወግዛሉ። በምሥጢር የተቆረጠ ዋጋም ከሐሰተኛ ሚዛን አይለይም። ከደኑ ጥላ ሥር ቡና የሚለቅም ገበሬ ተገቢ ዋጋ ካላገኘ፣ ደኑን ጠብቆ የሚያቆይበት ምክንያት ይሳሳል፤ ጉዳቱም ለሁላችን ይተርፋል።