ሰውነት ካንሰርን ያየዋል፤ ታዲያ ለምን ይተወዋል?

ባክቴሪያም ሆነ ቫይረስ ከውጭ የሚገባ እንግዳ ነው፤ የሰውነት መከላከያ ባዕድነቱን ለማወቅ ብዙም አይቸገርም። ካንሰር ግን የራስ ሕዋስ ነው። ዘረመሉ ተበላሽቶ ያለ ልክ ይባዛል እንጂ ከየትም አልመጣም። በዚህ ምክንያት ብዙ ተመራማሪዎች መከላከያው ካንሰርን ጨርሶ አይለየውም ብለው ለረጅም ጊዜ አምነው ነበር። ዛሬ የምናውቀው ሌላ ነው፦ መከላከያው ካንሰርን ያየዋል፣ ብዙ ጊዜም ይነሣበታል። ከባዱ ጥያቄ ከዚያ በኋላ ለምን እንደሚገታ ነው።

መጀመሪያ እንዴት እንደሚያየው። የሰውነታችን ሕዋሳት ከሞላ ጎደል ሁሉም በውስጣቸው የሠሩትን ፕሮቲን ቆራርጠው፣ ከስምንት እስከ አሥር አሚኖ አሲድ የሚረዝሙትን ቁራጮች ኤምኤችሲ በሚባሉ ሞለኪውሎች ላይ አድርገው ገጻቸው ላይ ያወጣሉ። ቲ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት እየዞሩ እነዚህን ይዳስሳሉ። የራስን ጤናማ ቁራጭ አጥብቀው የሚይዙት ቲ ሴሎች አብዛኞቹ ገና ታይመስ በተባለው የደረት ዕጢ ውስጥ ሳሉ ተወግደዋል። የተበላሸ ዘረመል የወለደው ፕሮቲን ግን በዚያ ማጣሪያ ጊዜ ያልነበረ አዲስ ቁራጭ ይሰጣል፤ ቲ ሴሉ የሚይዘውም ይህንን ነው። ፀሐይ ከሚያመጣው ሜላኖማ ወይም ከትንባሆ ጢስ ከሚነሣው የሳንባ ካንሰር ጋር ብዙ የዘረመል ለውጥ ስለሚኖር፣ እነዚህ ከሌሎች ይልቅ ለመከላከያው ጎልተው ይታያሉ።

ቲ ሴል ግን ብቻውን አይዘምትም። ዴንድሪቲክ የተባሉት ሕዋሳት የሞተውን የካንሰር ሕዋስ ፍርፋሪ ይዘው ወደ ንፍፊት ሄደው ካላሳዩት አይነቃም። ከነቃ በኋላ ዒላማውን ፐርፎሪን በተባለ ፕሮቲን በስቶ ግራንዛይም የተባሉ ኢንዛይሞችን ያስገባበታል፤ ሕዋሱም ራሱን ያጠፋል። ካንሰሩ ላለመታየት ኤምኤችሲውን ከገጹ ቢያነሣስ? ስዊድናዊው ክላስ ካሬ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እንዳሳየው፣ ናቹራል ኪለር የሚባሉት ሕዋሳት የሚያጠቁት በተቃራኒው ይህ ምልክት የጎደለውን ነው።

ይህ ሁሉ የታመነው ከብዙ ክርክር በኋላ ነው። ማክፋርሌን በርኔትና ሉዊስ ቶማስ በ1950ዎቹ መከላከያው ካንሰርን ዘወትር ይጠብቃል የሚል ሐሳብ አቅርበው ነበር። በ1974 ኦሲያስ ስቱትማን ታይመስ የሌላቸው አይጦች ከሌሎቹ የበለጠ ካንሰር እንዳልያዛቸው ሲያሳይ ሐሳቡ ተጣለ። ችግሩ እነዚያ አይጦች ናቹራል ኪለርና ጥቂት ቲ ሴሎች የነበሯቸው መሆኑ ነው። በ2001 ሮበርት ሽራይበርና ሎይድ ኦልድ ከነባልደረቦቻቸው ቲ ሴል ጨርሶ በሌላቸው አይጦች ሙከራውን ደግመው ሐሳቡን መልሰው አነሡት፤ ሂደቱንም በሦስት ደረጃ ከፈሉት፦ ማጥፋት፣ መግታትና ማምለጥ።

እኔን የሚገርመኝ ሁለተኛው ደረጃ ነው። በ2003 ከስኮትላንድ በወጣ ሪፖርት፣ ከአንዲት ሟች የተወሰዱ ኩላሊቶች የተተከሉላቸው ሁለት ሰዎች ሜላኖማ ያዛቸው። ለጋሿ ከ16 ዓመት በፊት ለዚያው ካንሰር ታክማ እንደዳነች ተቆጥራ ነበር። በእርሷ ሰውነት ተገትቶ የኖረው ካንሰር፣ ሰውነታቸው የተተከለውን ኩላሊት እንዳይገፋ ተብሎ መከላከያቸው በመድኃኒት በተዳከመባቸው ሰዎች ውስጥ ተነሣ።

ካንሰር የሚያመልጠው በልዩ ልዩ መንገድ ነው፤ ለሕክምና ትልቁን በር የከፈተው ግን የቲ ሴሉን ፍሬን መርገጡ ነው። መከላከያ ልክ ከሌለው የራስን አካል ይበላል፤ ስለዚህ ቲ ሴል ሲቲኤልኤ-4 እና ፒዲ-1 የተባሉ መግቻዎች አሉት። ካንሰርም ፒዲ-1ን የሚነካ ፕሮቲን ገጹ ላይ ያበቅላል። መግቻዎቹ ከመታወቃቸው በፊት የነበረው ጥረት በአብዛኛው መከላከያውን ማነሣሣት ነበር፦ በ1890ዎቹ ኒውዮርክ ውስጥ ዊሊያም ኮሊ ሕሙማንን በባክቴሪያ ይወጋ ነበር፤ ለሕፃናት የሚሰጠው የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ቢሲጂም ከ1976 ጀምሮ ለሽንት ፊኛ ካንሰር ተሞክሮ ዛሬም ይሠራበታል። ጄምስ አሊሰን በ1996 ሲቲኤልኤ-4ን በመዝጋት በአይጦች ላይ ዕጢ ሲያጠፋ ግን ጥያቄው መከላከያውን ምን ያነሣሣዋል ከሚለው ምን ይገታዋል ወደሚለው ተገለበጠ፤ ፒዲ-1ን ደግሞ ታሱኩ ሆንጆና ባልደረቦቹ ኪዮቶ ውስጥ በ1992 አግኝተውት ነበር። መግቻ የሚዘጋው የመጀመሪያው መድኃኒት በ2011 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ፤ ሁለቱ ሰዎች በ2018 ኖቤል ተሸለሙ። በእኔ እምነት መስኩን ያራመደው ይህ የጥያቄ መገልበጥ ነው።

ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። መግቻው ሲነሣ አንጀት፣ ታይሮይድ፣ ጉበትና ሳንባ ሊቆጡ ይችላሉ። መድኃኒቱም እጅግ ውድ ነው። ደግሞ ሁሉንም አይረዳም፤ የቆሽት ካንሰርን የመሰሉ ዕጢዎች ቲ ሴል እምብዛም ስለማይገባባቸው ፍሬን ማንሣቱ ብቻ አይበቃም። የሕሙሙን ቲ ሴል አውጥቶ ዒላማውን እንዲያውቅ በላቦራቶሪ አሻሽሎ መመለስ በ2017 ለአንዳንድ የደም ካንሰሮች ተፈቅዷል፤ ጠጣር ዕጢዎች ግን አሁንም ይፈትኑታል።

መነሻው ከውጭ የገባ ባዕድ በሆነ ካንሰር ላይ ግን መከላከያን ቀድሞ ማስተማር ይቻላል። የማሕፀን በር ካንሰር ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የሚነሣው ከኤችፒቪ ቫይረስ ነው። ክትባቱ ቫይረሱ ሳይገባ ስለሚቀድመው፣ መከላከያው የራሱን ሕዋስ ከባዕድ የመለየት ጣጣ ውስጥ አይገባም። ኢትዮጵያ ይህን ክትባት እ.ኤ.አ. በ2018 ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት ጀምራለች፤ ክትባቱ አስቀድሞ የያዘን ቫይረስ ግን አያጠፋም።