በድንጋይ ላይ የተቀረጹ አራዊት ትርጕም

በወልቂጤ ወይም በቡታጅራ ገበያ ጨው ግዛ ተብሎ የተላከ ልጅ፥ በመዳፉ የያዘውን የአንድ ብር ሳንቲም ቢያገላብጠው፥ በአንደኛው ፊት ሚዛን በሁለተኛው ፊት የአንበሳ ራስ ያገኛል። ሚዛን በገበያ የሚሠራበት ዕቃ ስለ ሆነ ለምን እንደ ተቀረጸ ለመረዳት አያስቸግርም። አንበሳ ግን በገበያ አይሸጥም፥ አይለወጥም። ታዲያ በገንዘብ ላይ ስለ ምን ተቀረጸ?

የዚህ ጥያቄ መልስ ከሳንቲሙ ይልቅ እጅግ ባረጁ ድንጋዮች ላይ ይገኛል። ሰው የአውሬን መልክ በድንጋይ መቅረጽ የጀመረው ፊደል ከመኖሩ አስቀድሞ ነው። ፊደል የማያውቅ ሰው እንኳ አንበሳ ብርቱ፥ ውሻ ጠባቂ፥ ንስር ከሩቅ የሚያይ መሆኑን ያውቃል። ስለዚህ የጥንት ሰዎች የንጉሥን ብርታት ለመናገር በፈለጉ ጊዜ አንበሳን ቀረጹ፤ የአውሬውም መልክ እንደ አንድ ቃል ሆኖ አገለገላቸው። የተቀረጸውን አውሬ ትርጕም ለማወቅ የሚወድ ተማሪ ሦስት ነገር ይመርምር፤ ይኸውም አውሬው ምን ጠባይ እንዳለው፥ ከምን ጋር እንደ ተቀላቀለ፥ በምን ስፍራም እንደ ቆመ ነው።

መጀመሪያው የአውሬው ጠባይ ነው። የጥንት ግብፃውያን አማልክቶቻቸውን በአራዊትና በአዕዋፍ መልክ ይቀርጹ ነበር። ጭልፊት ወደ ሰማይ ከፍ ብሎ ስለሚበር የሰማይን አምላክ ሆሩስን በጭልፊት መሰሉት። የጦርነትን አምላክ ሴክመትን የእንስት አንበሳ ራስ ያላት ሴት አድርገው ቀረጿት። የጽሕፈትንና የጥበብን አምላክ ቶትን ደግሞ በጋጋኖ ወፍ ራስ ሣሉት። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የቀበሮው ነገር ነው። ቀበሮ በሌሊት በመቃብር አጠገብ ይዞራል፥ አፈሩንም ይቈፍራል። ግብፃውያን ይህን እያዩ የሙታን ጠባቂ የሆነውን አኑቢስን በቀበሮ መልክ ቀረጹት። ሊቃውንት እንደሚሉት፥ መቃብርን ያጠፋል ብለው የፈሩትን አውሬ የመቃብር ዘበኛ አድርገው ሾሙት።

ሁለተኛው የአውሬው መቀላቀል ነው። በግብፅ አገር፥ በጊዛ፥ ከፒራሚዶቹ አጠገብ ስፊንክስ የሚባል ታላቅ ምስል ተኝቶ ይታያል። ርዝመቱ 73 ሜትር፥ ከፍታው 20 ሜትር ያህል ነው። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከአለት እንደ ተፈለፈሉ፥ ይህም ምስል በስፍራው ከነበረው አለት ተፈልፍሎ ወጣ። ከተሠራም 4500 ዓመት ያህል ሆኖታል። ራሱ የንጉሥ ራስ ነው፥ ገላው ግን የአንበሳ ነው። እንዲህ ያለ ፍጥረት በምድር ላይ ከቶ አልኖረም። ሠሪዎቹም ይህን ያውቁ ነበር። ነገር ግን የሰው ማስተዋልና የአንበሳ ኀይል በአንድ ንጉሥ ዘንድ ተገናኝተዋል ለማለት ሁለቱን አካላት በአንድ አጋጠሙ።

የግሪክ ሰዎችም ስፊንክስን ከምሥራቅ አገሮች ወስደው መልኳን ለወጡት። የእነርሱ ስፊንክስ የሴት ራስ፥ የአንበሳ ገላና የንስር ክንፍ ያላት ናት። በተረታቸው መንገደኛውን ሁሉ እያቆመች እንቆቅልሽ ትጠይቅ ነበር፤ መልሱን ያላወቀውንም ትበላው ነበር። ጥያቄዋም ጧት በአራት፥ ቀትር በሁለት፥ ማታ በሦስት እግር የሚሄድ ምንድን ነው የሚል ነበር። ኤዲፐስ የሚባለው ሰው ግን መልሱ ሰው መሆኑን ዐወቀ። ሰው በሕፃንነቱ ይድሃል፥ ባደገ ጊዜ በሁለት እግሩ ይቆማል፥ በሸመገለ ጊዜ ምርኵዝ ይይዛልና። በጉራጌ አገር ማታ በእሳት ዙሪያ ተቀምጦ እንቆቅልሽ የሚጫወት ልጅ ይህን ተረት በቀላሉ ያስተውለዋል።

ዳግመኛ ግሪኮች ከወገቡ በላይ ሰው፥ ከወገቡ በታች ፈረስ የሆነ ኬንታውር የሚሉት ፍጥረት ቀረጹ። በአቴና ከተማ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ447 እስከ 432 በተሠራው ፓርቴኖን በሚባለው ቤተ ጣዖት ግድግዳ ላይ የኬንታውሮች ጦርነት ተቀርጿል። ነገሩም እንዲህ ነው። ኬንታውሮች ወደ ሰርግ ተጠርተው ሄዱ፤ ወይን ጠጅ ጠጥተው ሰከሩ፤ ሙሽራይቱንና ሴቶቹን ሊነጥቁ ተነሡ፤ በዚህ ምክንያት ጠብ ሆነ። ኬንታውር የሰው ራስ ሳለው በስካር ጊዜ ራሱ ገላውን መግዛት አልቻለም። የጊዛው ስፊንክስ አእምሮ ኀይልን ሲመራ ያሳያል፤ የአቴናው ኬንታውር ግን ኀይል አእምሮን ሲጥል ያሳያል። ሁለቱም ሰውና አውሬ የተቀላቀሉባቸው ናቸው፥ ትምህርታቸው ግን አንድ አይደለም።

ሦስተኛው አውሬው የቆመበት ስፍራ ነው። በግሪክ አገር በሚቄና ከተማ በር ላይ 3200 ዓመት ያህል የሆናቸው ሁለት አንበሶች ተቀርጸዋል፤ በበር መቆማቸው ወደ ከተማው የሚገባውን ሁሉ ለማስጠንቀቅ ነው። በቤተ ጣዖቶች ጣራ ጠርዝ ላይ ያለው የአንበሳ ራስ ግን የዝናቡን ውሃ በአፉ እያወጣ ወደ ውጭ ያፈስ ነበር። ሮማውያንም የንስርን ምስል በረጅም ዘንግ ላይ አድርገው በጭፍራቸው ፊት ያስይዙ ነበር። ንስሩ በጠላት እጅ የወደቀበት ጭፍራ ታላቅ ኀፍረት ያገኘው ነበር።

የስፍራን ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው በአዲስ አበባ በባቡር ጣቢያው ፊት ያለው የአንበሳ ሐውልት ነው። ይህ ሐውልት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1930 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ዘውድ መጫን ጊዜ ቆመ። ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ ተነቅሎ ወደ ሮም ተወሰደ፥ በዚያም በአደባባይ ቆመ። ምስሉ ያው ምስል ነበረ። ነገር ግን በአዲስ አበባ የመንግሥት ክብር ይባል የነበረው በሮም የምርኮ ምልክት ሆነ። በ1960ዎቹ ዓመታት ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ከስፍራው ጋርም የቀድሞ ትርጕሙን አገኘ።

በኢትዮጵያም አራዊትን የቀረጹ ጥንታውያን እጆች ነበሩ። በትግራይ በየሓ፥ 2700 ዓመት ያህል በሆነው ቤተ መቅደስ አጠገብ፥ ዋልያዎች በተርታ የተቀረጹባቸው ድንጋዮች ይገኛሉ። ከአክሱም በስተ ምዕራብ በጎበድራ ኮረብታ በአንድ ትልቅ ቋጥኝ ላይ አፏን ከፍታ የምትዘል እንስት አንበሳ ተቀርጻለች። የአገሩ ሰዎች ቅዱስ ሚካኤል ከአውሬይቱ ጋር ተዋግቶ ከቋጥኙ ጋር ባላተማት ጊዜ መልኳ በድንጋዩ ቀረ ብለው ይተርካሉ። በላሊበላም በቤተ ማርያም ደጅ ላይ ዘንዶን የሚወጉ ፈረሰኞች ተቀርጸዋል።

አሁን ወደ ቅርቡ አገር እንመለስ። ከቡታጅራ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ፥ በሶዶ አገር፥ ጢያ በሚባለው ስፍራ 36 የቆሙ ድንጋዮች አሉ። ከእነርሱ 32ቱ ቅርጽ አለባቸው። በ1980 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር ዩኔስኮ የሚባለው ማኅበር በዓለም ቅርስ መዝገብ ጻፋቸው። በብዙዎቹ ላይ ያለው ቅርጽ አንበሳም ንስርም አይደለም፥ ሰይፍ ነው። ከሥራቸውም መቃብር ተገኝቷል። የአገሩ ሰዎች የግራኝ ድንጋይ ይሏቸዋል፤ የመረመሯቸው ሊቃውንት ግን ድንጋዮቹ ግራኝ ከተነሣበት ከ16ኛው መቶ ዓመት በፊት መቆማቸውን አረጋግጠዋል። በአንዱ ድንጋይ ብዙ ሰይፍ፥ በሌላው ጥቂት ሰይፍ ለምን እንደ ተቀረጸ፥ ከሰይፎቹ ጋር ያሉት ሌሎች ምልክቶችም ምን እንደሚሉ ማንም በርግጥ አንብቦ አልጨረሰም።

የግብፅ አራዊት ትርጕማቸው እስከ ዛሬ ሲታወቅ የጢያ ሰይፍ ስለ ምን ተሰወረ? የግብፅ ሰዎች ከምስሉ ጋር ጽሕፈት ትተው ነበር። ያ ጽሕፈት ራሱ ተረስቶ 1400 ዓመት ያህል ያለ አንባቢ ኖረ፤ በ1822 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር ሻምፖልዮን የሚባል ፈረንሳዊ ሊቅ ምስጢሩን ከፈተ። ከዚያ ወዲያ ቀበሮውም ጭልፊቱም ስማቸውን ተናገሩ። በጢያ ግን ቃል በጽሕፈት አልተተወም። አባት ለልጁ የነገረው ነገር ሳለ ልጁ ለልጅ ልጁ ሳያስተላልፈው ቀረ፤ እንዲህም ሆኖ ድንጋዩ ቆሞ ትርጕሙ ወደቀ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጥ ነው። ድንጋይ ብቻውን ነገርን አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው ነገሩን የሚያውቅ ሰው ነው። በጥንት ድንጋይ ላይ ስሙን በምስማር የሚፋቅር ልጅ ገና ያልተነበበ ደብዳቤ እንደሚቀድድ ነው። ድንጋዩን ለአጥር ወይም ለቤት መሠረት የሚወስድ ሰውም አንድ ቤት ሠርቶ የብዙዎችን ቤት ታሪክ ያፈርሳል። ብልህ ልጅ ግን ወደ አያቱ ቀርቦ፥ ይህ ስፍራ ማን ይባላል፥ ይህን ማን አቆመው፥ ስለዚህስ ምን ሰማህ ብሎ ይጠይቃል። የሰማውንም ከነተናጋሪው ስም በደብተሩ ይጽፋል። ተረት የሆነውን ተረት ነው፥ የተመረመረውን ተመርምሯል ብሎ ይለያል።

ፊደል መቍጠር ጥቅሙ ሌሎች የጻፉትን ለማንበብ ብቻ አይደለም፤ ያልተጻፈውን ሳይጠፋ ለመጻፍም ነው። ሽማግሌ ሳለ የሚጠይቅ ልጅ ያገኛል፤ ሽማግሌው ካለፈ በኋላ የሚጠይቅ ግን ከድንጋይ በቀር መልስ የሚሰጠው አያገኝም።