ታጣፊ ሣጥን ለሾላ ገበያ፤ ትርፉ ከመመለሻው መንገድ ላይ ነው

በየካ ክፍለ ከተማ፣ ሾላ ገበያ ውስጥ ቲማቲም የሚነግድ ሰው የጭነት ዋጋ የሚከፍለው ሁለት ጊዜ ነው። አንዴ ለቲማቲሙ፣ አንዴ ደግሞ ለባዶው ሣጥን። የመጀመሪያውን አብጠርጥሮ ያውቀዋል። ሁለተኛው ግን ለብቻው ስለማይጻፍ ከሣጥኑ ኪራይ ወይም ከመኪናው ዋጋ ጋር ተዳብሎ ያልፋል። ከመቂና ከባቱ ማሳ የተነሣ የእንጨት ሣጥን ሙሉም ሆነ ባዶ የሚይዘው ቦታ ያው ነው። 300 ባዶ ሣጥን የተደረደረበት አይሱዙ ሌላ ጭነት ማግኘት ቢችል እንኳ ማስቀመጫ የለውም፤ ነፋስ ጭኖ ይመለሳል።

በአውሮፓ ይህን ችግር ለመፍታት የወጣው ዘዴ ታጣፊ የፕላስቲክ ሣጥን ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በጀርመን የተቋቋመው ኢፍኮ የተባለው ኩባንያ በዚህ ሥራ ይታወቃል። የተለመደው መጠን ወርዱ 40፣ ርዝመቱ 60 ሳንቲ ሜትር ሲሆን አራቱ 80 በ120 የሆነውን የአውሮፓ ፓሌት ልክ ይሞላሉ። 24 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ሣጥን ጎኖቹ ወደ ውስጥ ሲታጠፉ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይቀረዋል። እንግዲህ አንዱ በቆመበት ቦታ ቢያንስ ስድስት ይገባል ማለት ነው። ከላይ የጠቀስናቸው 300 ሣጥኖች የ50ውን ቦታ ይዘው ይመለሳሉ፤ የቀረው የመኪናው ሆድ ለማዳበሪያም ሆነ ለሸቀጥ ክፍት ነው።

ነገሩ ለአገራችን ባዕድ አይደለም። እህሉን በአህያ ጭኖ የእንጦጦን ዳገት ተሻግሮ ይወርድ የነበረ ገበሬ፣ ስልቻውን ካራገፈ በኋላ ጠቅልሎ በብብቱ ይዞት ይመለስ ነበር። ዛሬም ሽንኩርት የሚመጣበት ማዳበሪያ ይታጠፋል። ቲማቲም ግን በስልቻ አይሆንም፤ ግድግዳ ያለው ዕቃ ይፈልጋል።

የእንጨቱን ሣጥን ማጣጣልም ደግ አይደለም። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ገብቶ እንጦጦን ካለበሰ ወዲህ በዚህ ከተማ እንጨትና አናጢ ጠፍቶ አያውቅም። ሣጥኑ ቢሰበር ሚስማርና መዶሻ ይበቃዋል። የታጣፊው ሣጥን ማጠፊያ የተሰበረ እንደሆነ ግን መለዋወጫው ካልተገኘ ዕቃው ወደ ውዳቂ ፕላስቲክ ይሄዳል። ጥሬ ዕቃውም ከውጭ በዶላር የሚገባ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ገበያው ነፃ ከመደረጉ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ስለዚህ ሣጥኑን በአንድ ወይም በሁለት ምልልስ ዋጋውን እንዲመልስ የሚጠብቅ ባለሀብት ቢቀርበት ይሻላል። አዋጪነቱ በምልልሱ ብዛት የሚቆጠር ነው።

ዋናው ጥያቄ ታዲያ ሣጥኑ ተመልሶ ይመጣል ወይ የሚለው ነው። ለዚህ መልሱ ከጎረቤት ግሮሰሪ ይገኛል። በ1915 ዓ.ም. ከተቋቋመው ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጀምሮ ቢራ ጠማቂዎቻችን ጠርሙስና ሣጥን መልሶ በመሙላት የሠሩ ናቸው። ባለ ግሮሰሪው ባዶውን ሳያስረክብ ሙሉ ሣጥን ሲወስድ መያዣ ያስይዛል። ሣጥኑ የፋብሪካው ምልክትና ቀለም አለው፤ ሌላ ሰው ቤት ቢገኝ ይታወቃል። የቲማቲም ሣጥን ግን ከገበሬው ወደ ደላላው፣ ከደላላው ወደ ጅምላ ነጋዴው፣ ከዚያም ወደ ቸርቻሪው ሲያልፍ መያዣ የሚያስይዘው የለም። በ2012 ዓ.ም. አትክልት ተራ ከፒያሳ ወደ ጃንሜዳ፣ ቀጥሎም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ከተዛወረ ወዲህ፣ ወደ ሾላ የሚመጣው አትክልት ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ስለሚያቋርጥ የባዶው ጉዞም ረዝሟል።

ደላሎች የማይወዱት ነገርም አለ፤ ሳይነገር ማለፍ የለበትም። የእንጨት ሣጥን መያዣ ብቻ ሳይሆን መስፈሪያም ነው። ዋጋ የሚቆረጠው «በሣጥን» ነው፤ ሣጥኑ ግን እንደ ሠሪው ይጠባል፣ ይሰፋል፣ ተቆልሎም ይሞላል። በተቆለለው ሸክም የታችኛው ቲማቲም ይፈነዳል፤ ጉዳቱ የቸርቻሪው ነው። በአንድ ልክ የተሠራው ታጣፊ ሣጥን ወደ 20 ኪሎ ይይዛል፤ ከአፉ በላይ ከተሞላ አንዱ በሌላው ላይ አይቀመጥም። በቁልል የሚያተርፍ ሰው ይህን ዕቃ በደስታ ይቀበላል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው።

ልክ የማሠራት ጉዳይም አለ። የአውሮፓው መጠን የተቀመረው ለፓሌትና ለፎርክሊፍት ነው። እኛ ዘንድ የሚያወርደው የተሸካሚ ትከሻ ነው፤ የሚለካውም የአይሱዙው ወለል ነው። የሚያሠራ ሰው ሞዴሉን ከመግዛቱ በፊት ሜትር ይዞ መኪናው ላይ ቢወጣ፣ ጠርዙ ትከሻ የማይቆርጥ እንዲሆንም ቢያዝ ይበጀዋል።

ለመጀመር ከገበያው መሀል ይልቅ ሱፐርማርኬትና ሆቴል ይቀላል። አስረካቢው አንድ፣ ተረካቢው አንድ ስለሆነ ሙሉውን አስረክቦ የትናንቱን ባዶ መቀበል ይቻላል። ሣጥኑ ላይ ቁጥር ማተም፣ ማጠቢያ ውኃ ያለበት መጋዘን መያዝና መያዣውን ከሣጥኑ ዋጋ ብዙም ዝቅ አለማድረግ ያስፈልጋል። መያዣው ርካሽ ከሆነ ሣጥኑ የቤት ዕቃ ማስቀመጫ ሆኖ ይቀራል፤ ለልብስም ሆነ ለድንች እጅግ የሚመች ነውና።