ኮራል፣ ሰፊ ገንዳና የአፋር ጨው

ከሰመራ ወደ ሰሜን፣ በደናክል ረባዳ ምድር ዳርቻ፣ የኮራል አለት ከነዛጎሉ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይታያል። ከ120 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ቀይ ባሕር እስከዚያ ይዘልቅ ነበር። በኋላ መግቢያው ተዘጋ፤ ተቆርጦ የቀረው ውሃ እየተነነ ዛሬ ግመል አሞሌ የሚጭንበት የአሳሌ ሜዳ ሆነ። ኮራሉን የገደለው የውሃው ማነስ ብቻ አይደለም፤ ገና ውሃው ሳያልቅ ጨውነቱ ከልኩ አልፎ ነበር። በመስታወት ገንዳ ኮራል የሚያሳድግ ሰው ወደ ሰፊ ገንዳ ሊያዛውር ሲያስብ መነሻው ይኸው ሊሆን ይገባል። ኮራል የሚፈልገው የማይዋዥቅ ውሃ ነው፤ ስፋት የሚጠቅመውም መዋዠቁን ስለሚያዘገይ ነው።

በሰመራ ሙቀት ሰፊ ገንዳ የባሰ ይተናል የሚል ይኖራል። በሊትር ከታየ ልክ ነው። ግን የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው ይይዛል፤ ሲተን ውሃው ይሄዳል፣ ጨው ይቀራል። ከ100 ሊትር ገንዳ 5 ሊትር ቢተን ጨውነቱ ወደ 37 ይጠጋል። የውሃው ገጽም ጥልቀቱም እጥፍ የሆነ 400 ሊትር ገንዳ በዚያው ጊዜ 10 ሊትር ቢያጣ 36 እንኳ አይሞላም። የሚያስቸግረው ማቀዝቀዣው ነው። ውሃውን ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ማቆየት ከባሕር ጠለል በላይ ወደ አንድ ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው አዋሽ ከተማ ይቀላል፤ ሰመራ ላይ ግን የመብራት ሂሳቡን አስቀድሞ ያላሰበ ሰው ባያዛውር ይሻለዋል።

የተነነውን የሚተካው ጨው የሌለበት የተጣራ ውሃ ነው። የቧንቧ ወይም የጉድጓድ ውሃ ለምን አይበቃም? መልሱ አዋሽ ወንዝ ላይ አለ። አዋሽ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል፤ ውሃው ጣፋጭ ቢሆንም በመንገዱ ያሟሟውን ማዕድን ይዞ ስለሚገባና መውጫ ስለሌለው ሐይቁ ጨዋማ ሆኗል። ገንዳም መውጫ የለውም።

ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ የጨዉ ነው። የአገሩን ወጥ የሚያጣፍጠው የአፍዴራ ጨው በኩንታል እየተጫነ በሰመራ በኩል ሲያልፍ፣ ከውጭ የሚመጣ ውድ የባሕር ጨው መግዛት ቂልነት ይመስላል። ነገር ግን የባሕር ውሃ ሲደርቅ የያዘውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አይጥልም። መጀመሪያ ካልሲየም የያዙት፣ ማለትም ኖራ መሰሉና ጂፕሰሙ ይረጋሉ፤ ቀጥሎ የገበታው ጨው፤ ፖታሽና ማግኒዥየም መጨረሻ ላይ። የዳሎል ፖታሽ የዚህ ቅደም ተከተል ማብቂያ ነው። ስለዚህ የገበታ ጨው የባሕሩ አንድ ድርሻ እንጂ ባሕሩ አይደለም። ኮራል አጽሙን የሚሠራበት ካልሲየም ተለይቶ ቀርቷል፤ እንዲህ ያለው ውሃ በጨው መለኪያ ትክክል መስሎ ኮራሉን ያስርባል።

ማዛወሩ ራሱ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ አደጋውም በዚያው ቀን ይከማቻል። ብዙዎች አሮጌውን ውሃ እንደ ታቦት ይጠብቁታል፤ የዓሣውን አሞኒያ ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ግን በአብዛኛው የሚኖሩት በድንጋዩ ላይ ነው። ድንጋዩ ሳይደርቅ በጨው ውሃ በርሜል ውስጥ ከፓምፕ ጋር ይቆይ፤ አዲሱ ውሃ ደግሞ ከአንድ ቀን በፊት ተበጥብጦ፣ ሙቀቱና ጨውነቱ ከአሮጌው ጋር ተስተካክሎ ይጠብቅ። አሸዋው ሌላ ነው። ለዓመታት ያልተነካ አሸዋ ሲታፈስ ከሥሩ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፣ የበሰበሰ እንቁላልም ይሸታል፤ አየር ሳያገኝ የታመቀ መርዝ ነው። ታጥቦ ካልሆነ በቀር አዲስ አሸዋ ይግባ። አንድ ሊትር የጨው ውሃ ከአንድ ኪሎ ትንሽ ስለሚበልጥ 400 ሊትሩ ብቻውን 400 ኪሎ ያልፋል፤ መስታወቱና ድንጋዩ ሲጨመር ተራ ጠረጴዛ አይችለውም። ኮራሉ መጀመሪያ ከታች ይቀመጥ፤ መብራቱም ደብዘዝ ብሎ ይጀምርና በሳምንታት ውስጥ ይጨመር። አሞኒያው በየቀኑ ይለካ፤ ዜሮ ላይ ጸንቶ እስኪቆይ አዲስ ዓሣ አይጨመር።