ቃሊቲ፦ የተዳፋቱ ዕዳ

አዲስ አበባ ተዳፋት ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በሰሜን እንጦጦ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ይወጣል፤ በደቡብ አቃቂ ወደ 2 ሺህ 100 ሜትር ይወርዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በቀጥታ ቢለካ 30 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ክረምት ላይ ላይኛው ከተማ የጣለው ዝናብ የጠረገውን ሁሉ ይዞ በትንሹና በትልቁ አቃቂ ወንዞች ወደ አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ይወርዳል። ከዚያም አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይጠራቀምና ወደ አዋሽ ወንዝ ያልፋል።

በመሬቱ አቀማመጥ ማንም አይከሰስም። ከታች ማን እንዲሰፍር፣ ከላይ ምን እንዲለቀቅ፣ ጉዳቱንም ማን እንዲሸከም የወሰነው ግን ሰው ነው።

ውሳኔው የጀመረው ከባቡሩ ጋር ነው። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ሐዲድ በአቃቂ ያልፍ ስለነበር፣ ፋብሪካዎች ሐዲዱንና ወንዙን ተከትለው ተተከሉ። ጨርቃ ጨርቁ፣ ብረታ ብረቱ፣ የምግብ ፋብሪካው መጣ፤ ሠራተኛውም በእግሩ ሄዶ በሚደርስበት ቦታ ጎጆ ቀለሰ። ጉምሩኩ፣ የከባድ መኪና ማቆሚያው፣ ማረሚያ ቤቱና የፍሳሽ ማጣሪያው ተከተሉ። ከተማዋ መሀሏ ላይ እንዲታይ የማትፈልገውን አንድ በአንድ ወደዚህ ላከች። በቅርቡ ደግሞ፣ በ2017 ዓ.ም.፣ በኮሪደር ልማቱ ከካዛንቺስ ከተነሡት ነዋሪዎች ብዙዎቹ በዚሁ ክፍለ ከተማ ገላን ጉራ ላይ ሰፍረዋል።

በዚህ ላይ የአየር ንብረት ለውጥ ተጨመረ። አየር በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ የሚይዘው እርጥበት በ7 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ ዝናቡ ሲመጣ በአጭር ሰዓት ብዙ ያወርዳል። ላይኛው ከተማ አስፋልትና ኮንክሪት በለበሰ ቁጥር ደግሞ መሬት የሚመጥጠው ውኃ ያንሳል፤ ጎርፉ ወንዝ የሚገባበት ጊዜም ያጥራል። በነሐሴ 2013 በመዲናዋ የደረሰው ድንገተኛ ጎርፍ ሰባት ሰዎችን ገድሏል። ከዚያ በፊት፣ በሐምሌ 1998 መጨረሻ፣ በሐረርጌ ደጋ የጣለ ዝናብ በሌሊት ድሬዳዋ ደርሶ ከ200 በላይ ሰዎችን ከእንቅልፋቸው ሳይነቁ ወስዷል። ከታች ያለ ሰው ሰማዩን አይቶ ብቻ መዘጋጀት እንደማይችል ያ ሌሊት አሳይቷል።

ሐምሌ ሲገባ በአቃቂ ወንዝ ዳር ያለው ቤት ዝግጅቱ ከደጅ ይታያል። በሩ ላይ አሸዋ የተሞላ ማዳበሪያ ይደረደራል፤ ደፉ በብሎኬት ከፍ ይላል፤ የአልጋው እግር ጡብ ላይ ይወጣል። ይህንንም ቢሆን ሁሉም እኩል አያደርገውም። ተከራይ ደፍ ለማስገንባት አከራዩን ማስፈቀድ አለበት፤ ወጪውም የራሱ፣ ግንቡ የሌላ ሰው ነው። ጨረቃ ቤት የሠራው ደግሞ ነገ ይፈርስብኛል ብሎ ስለሚሰጋ ለግንብ ገንዘብ አያወጣም። ካርታ ያለው ከባንክ ተበድሮ መሠረቱን ከፍ ያደርጋል፤ ካርታ የሌለው ማዳበሪያውን ይሞላል። ጎርፉ አንድ ሆኖ ጉዳቱ የተለያየው እንዲህ ባለው ምክንያት ነው።

ከጉዳት በኋላ ሰው የሚደርስለት እድሩ ነው። እድር ግን የሚሠራው መከራ በየተራ ሲመጣ ነው፤ ዛሬ የአንዱ ቤት ሲያዝን ሌላው ያዋጣል፣ ድንኳኑንም ይተክላል። ጎርፍ ሰፈሩን በአንድ ሌሊት ሲመታ አዋጪውም ተረጂውም ያው ሰው ይሆናል። ያን ጊዜ እርዳታው ጎርፉ ካልነካው ሰፈር መምጣት አለበት፤ እድር ግን ይህን ማስገደድ አይችልም።

ከታች ወደ ላይ የሚወጣም አለ። በወንዙ ዳር የሚያርሰው ገበሬ በበጋ ሌላ ውኃ ስለሌለው ሞተር ፓምፑን ዳር ላይ አቁሞ ቆስጣውን፣ ሰላጣውንና ጎመኑን ያጠጣል። ተመራማሪዎች በዚህ ውኃ በለማ አፈርና አትክልት ውስጥ ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ ደጋግመው አግኝተዋል። ቆስጣው ታጥቦ፣ ታስሮ ወደ መሀል ከተማ ገበያ ይሄዳል። ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች የሚሳበው ውኃም ከ1990ዎቹ ጀምሮ በትልልቅ ፓምፖች ሽቅብ እየተገፋ አዲስ አበባን ያጠጣል። ፍሳሹ ወደ ታች፣ የሚጠጣው ወደ ላይ ይጓዛል ማለት ነው። አቃቂን የበከለ የራሱን ጉድጓድ እንደሚበክል የከርሰ ምድር ውኃ ባለሙያዎች ማስጠንቀቅ ከጀመሩ ቆይተዋል።

ምንም አልተሠራም ማለት አይቻልም። በ1970ዎቹ የተሠራው የቃሊቲ ማጣሪያ በቀን 7 ሺህ 600 ሜትር ኩብ ፍሳሽ ነበር የሚችለው፤ በዓለም ባንክ ብድር የተገነባው አዲሱ 100 ሺህ ሜትር ኩብ ያጣራል። ሆኖም ማጣሪያው የሚያጣራው በመስመር የደረሰውን ነው። የፍሳሽ መስመር ያልገባለት ሰፈር ብዙ ነው፤ የመጸዳጃው ፍሳሽም፣ የፋብሪካው ዝቃጭም በየቦታው ወንዝ ይገባል። የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣ ሁለት አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢን መብት አድርጎታል። የጎደለው ሕግ ሳይሆን ከሳሽ ነው፤ በወንዙ የሚጎዳው ሰው ለጠበቃ የሚከፍለው የለውም።

ኢትዮጵያ በዓለም መድረክ የምታነሣው ክርክር ከዚህ ጋር አንድ ነው። የአንድ ኢትዮጵያዊ የካርቦን ልቀት በዓመት ከ0.2 ቶን በታች ነው፤ የዓለም አማካይ ከ4 ቶን ይበልጣል። ኦክስፋም በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ከዓለም ሕዝብ እጅግ ሀብታም የሆነው 1 በመቶ፣ ከድሆቹ ሁለት ሦስተኛ ጋር እኩል እንደሚለቅ አሳይቷል። ጥፋቱ ያልሆነ ሰው ኪሣራውን ብቻውን አይሸከም የሚለው ሙግት በሻርም ኤል ሼኩ የአየር ንብረት ጉባኤ የኪሣራና ጉዳት ፈንድ እንዲቋቋም አድርጓል። በ2027 እ.ኤ.አ. 32ኛው የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ አዲስ አበባ ሲቀመጥም ይኸው ሙግት በአስተናጋጇ አንደበት ይነሣል።

ሙግቱ ግን ከተማዋ ውስጥም መሥራት አለበት። ላይኛው አዲስ አበባ ለቃሊቲ ዕዳ አለበት፤ ዕዳውም ሊዘረዘር የሚችል ነው። ከእንጦጦ ሥር ዝናቡ ሲከብድ የአቃቂን ነዋሪ በስልክ የሚያስጠነቅቅ ሥርዓት፤ የፋብሪካ ፍሳሽ ምርመራ ውጤት በየወሩ ለሕዝብ ይፋ መሆን፤ ከወንዝ ዳር ለሚነሣ ሰው፣ ካርታ ይኑረውም አይኑረውም፣ ከሥራው ያልራቀ ምትክ ቤት፤ ከከተማዋ የውኃ ሽያጭ ገቢ ጉድጓዱ ላለበት አካባቢ የሚመለስ ድርሻ። አንዳቸውም የባዕድ ፈንድ እስኪፈቀድ መጠበቅ አይፈልጉም። አዲስ አበባ ከሀብታሞቹ አገሮች የምትጠይቀውን ለራሷ ደቡብ ከከፈለች፣ ጉባኤው ላይ የምታቀርበው ክስ መልስ አይገኝለትም።