የዲገሉ ስንዴና የምርምር መጽሔት አደራ

በአሰላና በበቆጂ መካከል የምትገኘው ሳጉሬ የዲገሉና ጢጆ ወረዳ ርእሰ ከተማ ስትሆን፣ በዙሪያዋ ካለው የስንዴ ማሳ ገብቶ ዋግ የመታውን አገዳ በጣቱ ያሻሸ ሰው፣ የሸክላ ቀለም ያለው ደቃቅ ዱቄት እጁን ሲያለብሰው ያያል፤ ይህም ነፋስ ከአገር ወደ አገር የሚያመላልሰው የበሽታው ዘር ነው። የምርምር መጽሔት ምን አደራ እንደ ተሸከመ ለአንባቢ ለማስተዋወቅ ከዚህ ዱቄት የተሻለ መነሻ አላገኘሁም።

የወረዳውን ስም የያዘው ዲገሉ የተባለው የስንዴ ዝርያ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ አገሪቱን ከመታ በኋላ ያንን በሽታ ስለሚቋቋም በገበሬው ዘንድ ተወዶ በሰፊው ተዘርቶ ሳለ፣ በ2013 መጨረሻ በባሌና በአርሲ በተነሣው የአገዳ ዋግ ወደቀ። ጥፋቱን አስቀድሞ ዝናው በተሰማው፣ ዩጂ99 በተባለው የአገዳ ዋግ ዝርያ ላይ ማላከክ ቀላል በሆነ ነበር፤ ዳሩ ግን በ2015 ፋይቶፓቶሎጂ በተባለው መጽሔት የወጣው፣ የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ስም ከባሕር ማዶ ሊቃውንት ስም ጋር የተሰለፈበት ጥናት፣ ናሙናውን በልዩ ልዩ የስንዴ ዓይነቶች ላይ ፈትኖ፣ አጥፊው ቲኬቲቲኤፍ የሚባል ሌላ የዋግ ዝርያ መሆኑን ገለጠ።

ሄንሪ ኦልደንበርግ በ1665 በለንደን ከጀመረው ወዲህ የተስፋፋው ይህ የምርምር መጽሔት የተባለው ተቋም፣ ሥራው ማተም ብቻ ሳይሆን መመስከር ነው። በየገዳማቱ ጸሐፊው የጨረሰውን ብራና አራሚው ቃል በቃል እንደሚያስተያይ ሁሉ፣ ዛሬም ያለ ደመወዝ የሚያገለግለው ገምጋሚ ማስረጃው ድምዳሜውን ይሸከም እንደ ሆነ ይመረምራል፤ ከደራሲው ጋር ወዳጅነት ወይም ቅሬታ ቢኖረው አስታውቆ ይነሣል፣ ገና ያልታተመውን የሰው ሐሳብም ለራሱ አያውልም። ደራሲው በበኩሉ ገንዘቡን የሰጠው የዘር ወይም የመድኃኒት ነጋዴ ቢሆን አይሸሽግም። ሐሰት ሲገኝ መጽሔቱ በአደባባይ ይሽራል፤ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያዘውን የ1998 ጽሑፍ የሻረው በ2010 ነበርና፣ በነዚያ 12 ዓመታት ስንት ወላጅ ልጁን ከክትባት እንዳስቀረ ሳስብ ልቤ ያዝናል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን የስም ጉዳይ ነው። አለቃ ስለ ሆነ ብቻ ስሙ ከደራሲዎች ጋር የሚጻፍ ሰው አለ፤ በኅዳር ውርጭ ጤዛውን እየረገጠ የታመመውን አገዳ የቆረጠው፣ በወረቀት ከረጢት አድርጎ ቀኑንና የቀበሌውን ስም የጻፈው ሠራተኛ ግን ከምስጋናው መስመር እንኳ የሚዘነጋበት ጊዜ አለ። ማሳውን የከፈተለት ገበሬም ውጤቱን በሚሰማው ቋንቋ ካልነገሩት፣ በሚቀጥለው ክረምት ያንኑ የተሸነፈ ዝርያ ከጎተራው አውጥቶ ይዘራዋል።